የቦኒ ታይለር ምርጥ ዘፈን የቱ ነው? እኔ «ኢትስ ኤ ሃርትኤክ» እላለሁ

የካሴት ሳጥን

ስለ ቦኒ ታይለር ሲወራ ሁሌ የሚነሣው አንድ ዘፈን ነው። የ1983ቱ «ቶታል ኢክሊፕስ ኦቭ ዘ ሃርት»። ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ከእሱ በፊት፣ በኖቬምበር 1977 የወጣው ሶፍት ሮክ (ለስለስ ያለ ሮክ) ዘፈኗ «ኢትስ ኤ ሃርትኤክ» እንዲሁ ሲታለፍ በጣም ይቆጨኛል። ለእኔ የቦኒ ምርጡ ነጠላ ዜማ እሱ ነው። ለምን እንደምል ልጻፍ፣ እናንተም የሚሰማችሁን በሉኝ።

ለማታውቋት ባጭሩ ላስተዋውቃት። ቦኒ የዌልስ ልጅ ናት። በ1951 ስኩዌን በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ጌይነር ሆፕኪንስ ነው። ስዋንዚ ከተማ በምሽት ክበቦች ለዓመታት ዘፍናለች። በ1975 አንድ አዲስ ድምፃዊ የሚፈልግ ሰው ሌላ ወንድ ዘፋኝ ሊሰማ ወደምትሠራበት ክበብ መጣ። ፎቁ ተሳሳተበትና እሷ ከምትዘፍንበት ገባ። ከዚያ አርሲኤ ከሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። በ1976 «ሎስት ኢን ፍራንስ» ወጣላትና በእንግሊዝ የዘፈኖች ሰንጠረዥ 9ኛ ደረጃ ደረሰ።

«ሎስት ኢን ፍራንስ»ን ስትሰሙት ድምፅዋ ገና ለስላሳ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ከሌሎች የዚያን ጊዜ ሴት ዘፋኞች ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ የድምፅ አውታሮቿ ላይ እባጭ ወጣና ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሞቹ ለሳምንታት አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ አዘዟት። እሷ ራሷ ደጋግማ እንደምትናገረው አንድ ቀን በጣም ተበሳጨችና ጮኸች። ድምፅዋ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሆነም። ጎረነነ፣ ሻከረ። ዘፋኝነቴ አከተመ ብላ ነበር።

እና በዚያ በተጎዳ ድምፅ «ኢትስ ኤ ሃርትኤክ»ን ዘፈነች። በእንግሊዝ 4ኛ፣ በ1978 ደግሞ በአሜሪካ 3ኛ ወጣ። ካናዳና አውስትራሊያ ውስጥ አንደኛ ሆነ። ወደ 6 ሚሊዮን ኮፒ እንደተሸጠ ይነገራል።

እኔን የሚማርከኝ ዘፈኑ ባዶ መሆኑ ነው። ያለ ረጅም መግቢያ፣ ቀጥታ ከአዝማቹ ይጀምራል። ጊታርና እሷ ብቻ ናቸው። ድምፅዋ የሚደበቅበት ቦታ የለም። የምትዘፍነው ደግሞ ደንታ የማይሰጠውን ሰው ስለወደደች ሴት ነው። ያንን ታሪክ በጠራ ድምፅ ብትዘፍነው ኖሮ ቆንጆ ዘፈን ይሆን ነበር፣ ያ ብቻ። በዚህኛው ድምፅ ግን ሴትየዋ ለቀናት ስታለቅስ እንደከረመች ታምናላችሁ።

ጥቁር ቪኒል

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ። ግን አልስማማም።

«ቶታል ኢክሊፕስ» ላይ ቦኒ የምትጋፈጠውን ነገር አስቢው። የዘፈኑ ደራሲ ጂም ስታይንማን ሙዚቃውን ሲሠራ ማዕበል ነው የሚያስነሣው። ፒያኖው ላይ ሮይ ቢታን አለ፣ ድራሙ ላይ ማክስ ዋይንበርግ። ሁለቱም የብሩስ ስፕሪንግስቲን ባንድ ሰዎች ናቸው። ከኋላ ሮሪ ዶድ ደጋግሞ ይጠራታል። በአልበሙ ላይ ያለው ቅጂ 7 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ድምፅዋ አይሰጥምም። እንዲያውም ሙዚቃው በጨመረ ቁጥር እሷም ትጨምራለች።

በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ 4 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከሥሩ 2ኛ የነበረውን የኤር ሰፕላይ ባንድ ዘፈን የጻፈውም ያው ስታይንማን ነው። ዘመኑን የያዘ ሥራ ነበር።

«ኢትስ ኤ ሃርትኤክ» ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ዘፈን ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ ጥቂት ኮርዶች፣ አንድ ስሜት። ትልቅ ድምፃዊ የሚለካው በትልቅ ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ስድስት ክር

ጊታር ለምንጫወት ሰዎች ይህ ዘፈን ትምህርት ቤት ነው። ስለ «ጥቂት ኮርዶች» (አንድ ላይ ስለሚመቱ ኖታዎች) ከተነሣ ልግባበት።

በሲ ሜጀር ስትጫወቱት አዝማቹ ከሲ ይነሣል፣ ወደ ኢ ማይነር ይሄዳል፣ ከዚያ ኤፍ፣ ከዚያ ተመልሶ ሲና ጂ። በቃ። ጀማሪ ተማሪ ኤፍ ላይ ጣቱን ካመመው በስተቀር በአንድ ከሰዓት ይይዘዋል።

ነገሩ ያለው ኢ ማይነር ላይ ነው። ብዙ የዚያን ጊዜ ዘፈኖች ከሲ ቀጥታ ወደ ኤፍ ወይም ወደ ኤ ማይነር ይሄዳሉ። እዚህ ግን ዘፈኑ ገና ከመጀመሩ፣ በሁለተኛው ኮርድ ላይ ፊቱን ያጠቁራል። ኤ ማይነር ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ በግልጽ ይወጣ ነበር። ኢ ማይነር ለስለስ ያለ ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆማችኋል። ከዚያ ኤፍ መጥቶ ሊያጽናና ይሞክራል። ጂ ላይ ደርሶ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ስለዚህ ደግማችሁ መጀመር አለባችሁ። አዝማቹ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ሴትየዋም ከሐሳቧ መውጣት ያልቻለች ነው የሚመስለው።

ወንድሜ ጥቁር ቪኒል፣ «ትንሽ ዘፈን» ስትል ይገባኛል። ግን ጥቂት ኮርድ ይዞ ይህን ያህል ዓመት መቆየት ቀላል አይደለም።

ሌላው፣ ዜማው መካከል ላይ ከፍ የሚልበት ቦታ አለ። ፍቅር ለሁለት ካልሆነ ልክ አይደለም የሚለው ክፍል። እስከዚያ ድረስ ዝቅ ብላ ነው የምትዘፍነው፣ እንደ ወሬ። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ሊሰነጠቅ ይደርሳል። ብዙ ሰው ይህን ዘፈን ሲዘፍን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጮሃል። ያኔ መካከሉ ላይ የሚሄድበት ቦታ ያጣል።

አዲስ ጆሮ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ዘፈኑን ሰምቼው አውቃለሁ፣ ግን የወንድ ድምፅ ነበር። ሮድ ስቱዋርት ነው ብሎ ነው ጓደኛዬ የላከልኝ። መጀመሪያ የማን ነው?

የካሴት ሳጥን

አዲስ ጆሮ፣ እንኳን መጣህ። ጓደኛህ የላከልህም እውነተኛ ቅጂ ነው። ሮድ ስቱዋርት በ2006 ባወጣው የድሮ ሮክ ዘፈኖች አልበሙ ላይ ዘፍኖታል። መጀመሪያ የተዘፈነው ግን በቦኒ ነው። የጻፉት ሮኒ ስኮትና ስቲቭ ዎልፍ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። «ሎስት ኢን ፍራንስ»ንም የጻፉላት እነሱ ናቸው። (ይህ ሮኒ ስኮት ለንደን ውስጥ የጃዝ ክበብ ከነበረው ታዋቂ ሳክስፎን ተጫዋች ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው።) ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ማካይ ነበር።

ደግሞ የሚገርመው፣ ዘፈኑ ሲወጣ ብዙ ተቺዎች ቦኒን «ሴቷ ሮድ ስቱዋርት» ብለዋታል። ከዓመታት በኋላ እሱ ራሱ የእሷን ዘፈን ዘፈነ።

ካንትሪ ወዳጅ

እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ ይህን ዘፈን የካንትሪ (የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ) ሬዲዮ ጣቢያዎችም ያጫውቱታል። ሶፍት ሮክ የምትሉት ለምንድነው? በ1978 በካንትሪ ሰንጠረዥም 10ኛ ደረጃ ገብቷል። ለአንዲት የዌልስ ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። የካንትሪ ሰው ከውጭ የመጣን ዘፋኝ ቶሎ አያስገባም።

ያ ዘመን ግን ድንበሩ የላላበት ነበር። በ1977 ኬኒ ሮጀርስ «ሉሲል»ን ይዞ ወደ ፖፕ ሰንጠረዥ ገባ፣ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሁሉ ሆነ። በዚያው ዓመት ክሪስታል ጌይል ፖፕ ላይ 2ኛ ወጣች። ዶሊ ፓርተን «ሂር ዩ ካም አጌን»ን አውጥታ ፖፕ ላይ 3ኛ ደረሰች። ስለዚህ የአሜሪካ ጆሮ ለዚህ ዓይነት ዘፈን ተዘጋጅቶ ነበር። ካንትሪ ይመስላል፣ ግን የገጠር ቫዮሊኑና ባንጆው የለበትም።

እኔ ብትጠይቁኝ ዘፈኑ ካንትሪ ነው። ታሪኩም ካንትሪ ነው። ዝናብ ላይ ቆማ ራሷን እንደ መሳቂያ የምትቆጥር ሴት ካንትሪ ካልሆነች ምን ትሆናለች?

ጥቁር ቪኒል

ካንትሪ ወዳጅ ሳያስበው የእኔን ሐሳብ ደገፈ። ቦኒ ራሷ ወደዚያ የካንትሪ መንገድ መገፋቷን አልወደደችውም። የአርሲኤ ውሏ ሲያልቅ ሮክ መዝፈን እፈልጋለሁ ብላ ወጣች። የሮክ ዘፋኙን ሚት ሎፍን በቴሌቪዥን አየችና የእሱን ዘፈኖች የሚጽፈውን ሰው አምጡልኝ አለች። ያ ሰው ስታይንማን ነው። ዘፋኟ ራሷ የመረጠችው መንገድ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ጃኒስ ጆፕሊንንና ቲና ተርነርን ስታደንቅ ያደገች ሴት ናት። ሙሉ ጉልበቷን ማውጣት ነበር ፍላጎቷ።

የካሴት ሳጥን

የፈለገችው እንደዚያ መሆኑ እውነት ነው። እኔም አከብርላታለሁ። ግን አንድ ድምፃዊ የፈለገው ነገርና ከሁሉ አብልጦ የሠራው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም።

አንድ ነገር ላንሣ። «ቶታል ኢክሊፕስ» የስታይንማን ቤት ነው። ዜማውን በኋላ በ1997 ቪየና ውስጥ ለተከፈተው የቫምፓየሮች የሙዚቃ ትያትሩ ተጠቅሞበታል። እዚያ ሌሎች ሰዎች በጀርመንኛ ይዘፍኑታል፣ ይሠራልም። ቅንብሩ ራሱ ይሸከመዋል።

«ኢትስ ኤ ሃርትኤክ»ን ግን ሌላ ሰው ሲዘፍነው ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ አለን። አሜሪካዊቷ ጁስ ኒውተን ያንኑ ዘፈን በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ አወጣች። አንድ ዘፈን፣ አንድ አገር፣ አንድ ወቅት፣ ሁለት ድምፅ። የቦኒው 3ኛ ደረሰ። የጁስ ኒውተን 86ኛ ላይ ቆመ።

ጁስ ኒውተን ደካማ ዘፋኝ ብትሆን ኖሮ ይህ ምንም አይነግረንም ነበር። አይደለችም። በ1981 «ኤንጅል ኦቭ ዘ ሞርኒንግ»ንና «ኩዊን ኦቭ ሃርትስ»ን ይዛ አሜሪካን አጥለቅልቃለች። ሁለቱም ከአንደኞቹ አምስት ውስጥ ገብተዋል። ድምፅዋ የጠራ ነው፣ ያምራል። ቅጂዋን ፈልጋችሁ ስሙት። ምንም የሚነቀፍ ነገር የለውም። ግን ሴትየዋ የተጎዳች አይመስልም። ነገ ጠዋት ተነሥታ ሥራ የምትሄድ ነው የሚመስለው።

ጥቁር ቪኒል

የ86 እና የ3 ልዩነት በድምፅ ብቻ አይመጣም። የኩባንያው ማስተዋወቅ አለ፣ የሬዲዮ ጣቢያዎች ምርጫ አለ። የቦኒው አሜሪካ ሲገባ በአውሮፓ ተሰምቶ፣ ስም አግኝቶ ነው። ይህንንም መመዘን ያስፈልጋል።

የጁስ ኒውተንን ግን አሁን ሰማሁት። አዎ፣ ጠርቶበታል። እዚህ ላይ አንቺ ልክ ነሽ።

የጉሮሮ ክፍል

ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሆስፒታል ውስጥ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ነርስ ነኝ። የማውቀው የቦኒን የሕክምና ፋይል ሳይሆን በሽታውን ነው፣ ስለዚህ ስለ በሽታው ብቻ ልናገር።

ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ስንናገር ገጥመው ይርገበገባሉ። በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይጋጫሉ። ሰው ድምፁን አላግባብ ሲያስጨንቅ፣ በተለይ ጫጫታ ውስጥ ሲጮህ፣ የሚጋጩበት ቦታ ላይ ግራና ቀኝ ትንንሽ እባጭ ይወጣል። ዶማ የሚይዝ ሰው መዳፉ ላይ የሚደድረውን ቆዳ አስቡት፣ እንደዚያ ነው። ካንሰር አይደለም። ግን አውታሮቹ በደንብ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። በክፍተቱ አየር ያመልጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ከፍ ያለው ዜማ ይጠፋል። አስተማሪዎች፣ ሰባኪዎች፣ ዘፋኞች ብዙ ጊዜ ይይዛቸዋል።

ዛሬ መጀመሪያ የሚሞከረው የድምፅ ዕረፍትና የንግግር ሕክምና ነው። ብዙ ሰው በዚያ ይድናል። ቀዶ ጥገና የሚመጣው ያ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ዝም በሉ የሚባለው ቁስሉ በላዩ ላይ ሳይጋጭ እንዲሽር ነው። ቁስሉ ሳይሽር ሰው ከጮኸ ጠባሳ ሊሠራ ይችላል። የአውታሩ የላይኛው ሽፋን በጣም ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የሚፈጥረውም የእሱ መወዛወዝ ነው። ጠባሳ ሲኖር ይደርቃል፣ እንደ ልብ አይወዛወዝም። ያ ድምፅ ከዚያ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ስለዚህ ዘፈኑን ስሰማ የምሰማው አየሩን ነው። በተለይ ቀስ ብላ በምትዘፍንበት መጀመሪያው ላይ፣ እያንዳንዱ ቃል ትንሽ ትንፋሽ ይዞ ይወጣል። «ቶታል ኢክሊፕስ» ላይ እየገፋች ስለምትዘፍን ያ ትንፋሽ ይዋጣል። እዚህኛው ላይ ግን ግልጥ ብሎ ይሰማል። የካሴት ሳጥን «የሚደበቅበት ቦታ የለም» ያለችው በሕክምናም በኩል እውነት ነው።

እዚህ ያላችሁ ዘፋኞች ካላችሁ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ድምፃችሁ ከሁለት፣ ሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ ሐኪም ይየው። ቦኒ ዕድለኛ ናት። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖበት ሥራውን አጥቷል።

ስድስት ክር

እህት ጉሮሮ ክፍል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለዓመታት ስሰማው የነበረው ነገር ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። አንድ ጥያቄ፦ እንዲህ የተጎዳ ድምፅ ዕድሜ ልክ መዝፈን ይችላል?

የጉሮሮ ክፍል

ከሰው ሰው ይለያያል። በጥንቃቄ የያዘ ሰው ይችላል። ቦኒ በ2013 ስዊድን ማልሞ ላይ ለእንግሊዝ በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ስትወዳደር 61 ዓመቷ ነበር። 19ኛ ነው የወጣችው፣ ድምፅዋ ግን ያው የምናውቀው ድምፅ ነበር። ሰባ ካለፋት በኋላም መድረክ ላይ ናት።

የስዋንዚ ነዋሪ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ። ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው፣ የምኖረውም ስዋንዚ ነው። ስለ ሙዚቃው እናንተ በሚገባ ተናግራችኋል። እኔ ስለ ቦታው ልጨምር።

ስኩዌን በኒዝ ከተማና በስዋንዚ መካከል ያለች መንደር ናት። ያ ሸለቆ በከሰልና በመዳብ ማቅለጫ የኖረ ነው። የማዕድን ሠራተኛ ልጅ መሆን እዚህ ትልቅ ትርጉም አለው። ቶም ጆንስም የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው፣ ከፖንቲፕሪድ አካባቢ። ሸርሊ ባሲ ደግሞ የካርዲፍ ወደብ ልጅ ናት። ከዚህች ትንሽ አገር ይህ ሁሉ ትልቅ ድምፅ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ሰው በቤተ ክርስቲያን በኅብረት ነው መዝፈን የሚማረው። ቦኒም ሕፃን ሆና መጀመሪያ በሰው ፊት የዘፈነችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የማዕድን ሠራተኞች የራሳቸው የወንዶች መዘምራን ነበራቸው። በየመንደሩ የሠራተኛ ክበብ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሰው ቢራውን ይዞ ይቀመጣል፣ ጭሱ አዳራሹን ይሞላዋል፣ ወሬው አይቆምም። ዘፋኙ ከዚያ ሁሉ በላይ መሰማት አለበት። ነርሷ ልጄ ጫጫታ ውስጥ መጮህ ስትል ወዲያው የታየኝ ያ ክበብ ነው። ቦኒ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ለዓመታት ዘፍናለች። ድምፅዋ የተጎዳው ሥራ ላይ ነው። የአባቶቻችን ሳንባ ጉድጓድ ውስጥ ተጎዳ የሚሉ የዚህ አገር ሽማግሌዎች ይህንን ይረዱታል።

ሌላም አለ። በ1968 ሜሪ ሆፕኪን የምትባል ልጅ በዓለም ታወቀች። የእሷ አገር ፖንታርዳዌ ነው፣ ከስኩዌን በጣም ቅርብ። ጌይነር ሆፕኪንስ ከእሷ ጋር እንዳትምታታ ሼሪን ዴቪስ በሚል ስም ትዘፍን ጀመር። ኩባንያው ደግሞ ሌላ ስም አምጪ አላት። ከጋዜጣ ላይ ስሞች ሰብስባ «ቦኒ»ንና «ታይለር»ን አጋጠመች።

አሁንም ቤቷ እዚሁ ባሕሩ ዳር ማምብልስ ነው፣ ከፖርቱጋል ቤቷ ጋር እየተመላለሰች። የአገሩ ሰው ስሟን ሲጠራ እንደ ጎረቤት ነው የሚጠራት።

የካሴት ሳጥን

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን የሚነግረን ሌላ ሰው አልነበረም። ድምፅዋ ሥራ ላይ ተጎዳ ያሉት ነገር በጣም ነካኝ። እኔ ቀዶ ጥገናውን እንደ ድንገተኛ አደጋ ብቻ ነበር የማስበው። እርስዎ ሲሉት ግን ከክበቡ ጀምሮ ያለ አንድ መስመር ሆነ።

በዚያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ወጣቱ ፐንክ ላይ እንደነበረ አይርሱ። አሜሪካ ደግሞ ዲስኮ ላይ ነበረች። ከሁለቱም ያልሆነች፣ የጎረነነች የሠፈር ልጅ በመሐል ገብታ ሁለቱንም አገር ማስቆሟ ያስደንቃል። እርስዎ ዘፈኑ ሲወጣ እዚያ ነበሩ?

የስዋንዚ ነዋሪ

አይ ልጄ፣ ያኔ ገና አገር ቤት ነበርኩ። በእኛ አቆጣጠር 1970 መሆኑ ነው። እዚያ በነበረው ሁኔታ ዘፈን የሚያዳምጥ ልብ ብዙም አልነበረም። ዘፈኑን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው፣ በሥራ ቦታዬ ሬዲዮ። ገና ቋንቋው በደንብ ሳይገባኝ ሴትየዋ ምን እንደደረሰባት ገብቶኝ ነበር።

ካንትሪ ወዳጅ

ጋሼ ስለ ማዕድን ሠራተኞቹ የጻፉት የእኔን ነገር ያጠናክረዋል። የአሜሪካ ካንትሪም አንዱ ምንጩ የኬንታኪና የዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ሸለቆዎች ናቸው። ሎሬታ ሊን የከሰል ሠራተኛ ልጅ ናት። የእዚያ ሰው ቦኒን ሲሰማ የእኛው ናት ያለው ለዚህ ይሆናል። ድምፅዋ ውስጥ የሚያውቀው ነገር ነበር።

ሶፍት ሮክ በሉት፣ ካንትሪ በሉት፣ ከዚህ በኋላ አልከራከርም። ከቤዙና ከድራሙ አያያዝ አንጻር ሶፍት ሮክ መሆኑን እቀበላለሁ። ልቡ ግን የእኛ ነው።

አዲስ ጆሮ

የቦኒን ሰማሁት። ከሮድ ስቱዋርት ጋር አነጻጸርኩት። የእሱ ይመቻል፣ ሰላም ያለው ነው። እሱ ስለ ድሮ ፍቅር የሚያወራ ይመስላል። እሷ ግን ነገሩ ገና ትናንት የሆነባት ናት። ሁለቱም ሻካራ ድምፅ ነው ያላቸው፣ ስለዚህ ሻካራነቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ምን ይመስላችኋል?

ስድስት ክር

ጥሩ ጆሮ አለህ። እኔ የሚመስለኝ ጊዜ አያያዛቸው ነው። ሮድ ስቱዋርት ከምቱ ትንሽ ወደኋላ እየቀረ፣ ተደላድሎ ይዘፍናል። የረጅም ዘመን ልምድ ነው። ቦኒ ቃሉን ምቱ ላይ ትጥለዋለች፣ አንዳንዴም ትቀድመዋለች። የቸኮለ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው። ቀጥሎ ስትሰማው እግርህን እየመታህ ስማው፣ ልዩነቱን ታገኘዋለህ።

ጥቁር ቪኒል

አንድ ሳትሰሙት እንዳትቀሩ የምፈልገው አለ። በ2003 ቦኒ ከፈረንሳዊቷ ካሪን አንቶን ጋር የ«ቶታል ኢክሊፕስ»ን የፈረንሳይኛ ቅጂ አወጣች። ፈረንሳይ ውስጥ አንደኛ ሆነ። በ2004 ደግሞ ሁለቱ «ኢትስ ኤ ሃርትኤክ»ን «ሲ ቱ ሳሬት» ብለው ደገሙት። የካሴት ሳጥን፣ አንቺ ሁለት ድምፅ በአንድ ዘፈን ላይ ማነጻጸር ትወጃለሽ። እዚያ ላይ የጠራው ድምፅና የጎረነነው ድምፅ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቅጂ ላይ አሉ።

እኔ አሁንም «ቶታል ኢክሊፕስ» ይበልጣል እላለሁ። ግን «ትንሽ ዘፈን» ያልኩትን ቃል አነሣለሁ።

የካሴት ሳጥን

ቃልህን ስላነሣህ አመሰግናለሁ፣ ደስ ብሎኛል። የፈረንሳይኛውን አላውቀውም ነበር፣ ዛሬ ማታ እሰማዋለሁ።

አዲስ ጆሮና ሌሎች አዲስ የምትሰሙ፣ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ኢንተርኔት ላይ ቦኒ ራሷ በኋላ ዘመን እንደገና የቀዳቻቸው ቅጂዎች አሉ። እነሱም ጥሩ ናቸው፣ ግን እዚህ የተወያየንበት ያ አይደለም። በ1978 «ናቹራል ፎርስ» በሚል ርዕስ በወጣው አልበም ላይ ያለውን ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ያው አልበም የዘፈኑን ስም ይዞ ነው የወጣው።

አዲስ ጆሮ

እሺ፣ አገኘሁት። ስድስት ክር፣ ኮርዶቹን እየሞከርኩ ነው። ኤፍ ጣቴን ገደለኝ። ሌላ መንገድ አለ?

ስድስት ክር

አለ። ሙሉውን ኤፍ አትያዝ። ከታች ያሉትን አራት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ያዝና ሁለቱን ወፍራሞች ተዋቸው። ለዚህ ዘፈን ይበቃል። ወይም ካፖ (ክሮቹን በአንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) አምስተኛው ላይ አድርግና በጂ ቅርጽ ተጫወት፦ ጂ፣ ቢ ማይነር፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ። ግን ያኔ ቢ ማይነር ይቆይሃል፣ እሱም አይምርህም። እኔ ኤፍን ልመደው እላለሁ።